አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ዙር

ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ። ንፋስ መውጫ

ከደብረ ታቦር ተመለስን። አባዬን ከሚኒባሱ ለማውረድ ሦስት ሰው ፈጀ። ሁለቱ ተሳፋሪዎች ናቸው፣ ሦስተኛዋ እኔ። ወገቤን ያዝ አድርጎኛል፤ ግን ይህን ደብተር የገዛሁት ስለ ወገቤ ለመጻፍ አይደለም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው "የሚሠሩትን በየቀኑ መዝግቢ፣ ስትመለሱ አየዋለሁ" ብሎኛል። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር። በሽተኛው አባቴ መሪጌታ ይስማው ናቸው፤ ዕድሜ ሰባ አንድ። ከአርብ ገበያ ወዲያ ባለች ደብር ሠላሳ ስድስት ዓመት ማሕሌት ሲቆሙ ኖረዋል። በኅዳር ጽዮን ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ወንድሜ ታፈረ ወጌሻ ጠራ። ዘጠኝ ቀን እንዲሁ ባከነ። እኔ ያን ሳምንት ባሕር ዳር ነበርሁ፣ ስልኬም አይሠራም ነበር።

ይሠራ ነበር። አላነሣሁትም። ለባለሙያው ሌላ ወረቀት ላይ እገለብጥለታለሁ፤ ይህን ገጽ አላሳየውም።

በቀዶ ሕክምና የገባው ብረት ደህና ይዟል፣ አጥንቱም ገጥሟል። የቀረው ሥጋው ነው። ሁለት ወር ተኝተው የጭናቸው ጡንቻ አልቋል፤ ጡንቻው ካልተመለሰ በእግራቸው አይቆሙም። ሆስፒታል መመላለስ ስለማንችል መሥሪያው ቤት ውስጥ ይኑራቸው አለ። ግራና ቀኝ ይዘው የሚራመዱበት ብረት፣ በእግር የሚገፉት ክብደት፣ የሚለጠጥ ጎማ። ዋናው ግን ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በቀን አንዴ። "ከዚህ በላይ አይሆንም" ብሎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

አባዬ ወረቀቱን መንገድ ላይ አነበቡትና "አሥራ ሁለት? ሰውየው እግዚኦታ ነው እንዴ የሚያስቆጥረኝ?" አሉ። ከኅዳር ወዲህ ሲቀልዱ የሰማሁት ዛሬ ነው።

ጥር 29፣ ሐሙስ

በምሳ ሰዓት ወጥቼ ዑስማን ዘንድ ሄድሁ። ብረት ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ የከተማው ስፖርተኛ ሁሉ ዳምቤሉን የሚያሠራው እሱ ጋ ነው። ሥዕሉን ይዤለት ሄድሁ። ውሃ ጽሕፈት ቤት ስምንት ዓመት የቧንቧ መስመር ስሥል ኖሬ ለአባቴ ሁለት ቧንቧ መሣል አያቅተኝም።

"ጂም ልትከፍቺ ነው?" አለኝ።

"ለአባቴ ነው።"

"የኔታ ጡንቻ ሊያወጡ ነዋ! እንግዲህ የሰፈሩ ጎረምሳ አለቀለት።" ከዚያ ሳቁን ትቶ ቁመታቸውን ጠየቀኝ። ክንዳቸው ሲንጠለጠል እጃቸው የት እንደሚደርስም ጠየቀኝ። አላውቀውም። የአባቴን ቁመት አላውቅም። ሲቆሙ አይቻቸው ሁለት ወር ሆነኝ።

ቤት ስመጣ መቋሚያቸውን በገመድ ለካሁት፤ በልካቸው የተቆረጠ ስለሆነ ከእሱ ይወጣል። "ብረት ቤት እንዳትወስጅው" አሉ አይናቸውን ሳይገልጡ።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ክብደቱን የሚስበው መዘውር ግድግዳው ላይ በፊሸርና በብሎን ይታሰራል ብዬ ነበር። ዑስማን ድሪሉን ሲያስገባው ጭድ እየተፋ ወጣ። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ የክንድ ርዝመት ያለው ልስን ወረደ፤ አባዬ አልጋ ግርጌ። ስምንት ዓመት ቧንቧ የሣለች ሴት የምትተኛበት ግድግዳ ጭቃ መሆኑን አታውቅም።

የቤቱ ባለቤት እትዬ እሌኒ በሩ ላይ ቆመው፣ "ልጄ፣ ቤቴን ልታፈርሽብኝ ነው?" አሉ። በራሴ እንደማስለስነው ምዬ ሸኘኋቸው።

አባዬ አቧራውን ከጢማቸው እያራገፉ፣ "ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ የመዶሻ ድምፅ አልተሰማም ነበር" አሉኝ።

መዘውሩ ለብቻው የሚቆም የብረት ጋጥ ያስፈልገዋል። ሥዕሉ እንደገና።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ዝውውሩ ወጣ። ባሕር ዳር። ሦስት ዓመት የጠየቅሁት። እስከ መጋቢት 30 ሪፖርት ካላደረግሁ ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል።

ለአባዬ አልነገርኋቸውም። ከብረቱ ጋር ግንኙነት የለውም። ብረቱን ያዘዝሁት ደብዳቤው ሳይመጣ ነው፤ ቀኑ እዚሁ ደብተር ላይ አለ።

ባሕር ዳር ያለው ዳንኤል ስልኩ ውስጥ እልል አለ። ቀለበት ካሰርን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። "አሁንስ ምክንያት አለሽ?" አለኝ፤ እየሳቀ ነው ያለው።

የካቲት 9፣ እሑድ

ዑስማን ብረቱን በጋሪ አመጣው። ያምራል። አረንጓዴ ቀብቶታል። በሩ ላይ ደረሰና ቆመ። አዘነበልነው፣ አቆምነው፣ በጎኑ አስተኛነው፣ አልገባም።

የክፍሉን ርዝመትና ስፋት ለክቻለሁ። የበሩን አልለካሁም።

አሁን ግቢው ውስጥ ቆሟል። የእትዬ እሌኒ ዶሮዎች ማታውን ሰፈሩበት። አባዬ በመስኮት እያዩ፣ "እነሱ ጀመሩ፤ እኔ መቼ ነው?" አሉ። ሳቅሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ጆሮ ግንዴን በእጄ ይዤ ቆምሁ። ደከመኝ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

አራት ቀን መብራት አልነበረም። ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ መጣ፤ ከቢሮ ሮጬ ወጣሁ። ዑስማን ብረቱን ግቢ ውስጥ ቆርጦ፣ በቁራጭ አስገብቶ፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ መልሶ በየደው። አባዬን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞርናቸው፤ የብየዳው ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲጨፍር እያዩ በልባቸው የሆነ ነገር ያዜሙ ነበር።

ክብደቶቹ ከአሮጌ አይሱዙ የወጡ ማርሾች ናቸው። እህል ነጋዴው ሚዛን ላይ መዝነን ኪሏቸውን በኖራ ጻፍንባቸው። የሚለጠጠው ጎማ የባጃጅ ካላማዳሪያ ነው። ዳንኤል ከባሕር ዳር እውነተኛውን እልካለሁ ብሎ ነበር፣ መንገዱ ስለተዘጋ ቀረ።

ዑስማን ለሁለተኛው ብየዳ ገንዘብ አልቀበልም አለ። "ዱዓ ያድርጉልኝ፣ የኔታ" አላቸው። አባዬ በግዕዝ መረቁት፤ እሱ እጁን ዘርግቶ "አሚን" እያለ ተቀበለ።

አሁን ክፍላችን ሁለት አልጋ፣ አንድ ወንበርና የብረት ጋጥ ነው። ወደ አልጋዬ የምሄደው በጎን እየተሹለከለክሁ ነው።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያ ቀን። ከወንበር በእጅ ተደግፈው ሦስት ጊዜ ተነሡ። ብረቱን ይዘው ዘጠኝ ሰከንድ ቆሙ። ቁመቱ ልክ ነው፤ መቋሚያው አልዋሸም። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ብረቱ ራሱ ድምፅ ያወጣል።

"ውስጤ ያለው ብረት አይበቃም ነበር?" አሉኝ ሲቀመጡ። ላባቸውን ጠረግሁላቸው። ደስ ብሎኛል። ነገ ቅበላ ነው፤ እንቁላልና ወተት እስኪበቃቸው ይብሉ።

የካቲት 17፣ ሰኞ። የዐቢይ ጾም መጀመሪያ

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀመሱም። ባለሙያው እንቁላል ብሏል፣ ወተት ብሏል። "በሽተኛ እኮ ነዎት፣ የነፍስ አባትዎ ይፈቅዱልዎታል" አልሁ።

"እሳቸው ይፈቅዳሉ። እኔ አልጠይቅም።"

"ጡንቻ ከምን ይምጣ ታዲያ?"

"ሠላሳ ስድስት ዓመት ከምን ቆምሁ?"

ታርቀን በሶ ላይ ተስማማን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሶ በኑግ ውሃ ይበጠበጣል፣ እንቅስቃሴው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቢሮ ስመጣ ይሆናል። የጂም ልጆች ዱቄት በጥብጠው ይጠጡ የለ? የእኛም ዱቄት ነው።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ስድስት ጊዜ፣ ሁለት ዙር፣ በአንድ እጅ ተደግፈው። በእግር የሚገፋው ሁለት ኪሎ ተኩል።

ቦኖው ጋ ውሃ ስቀዳ እትዬ እሌኒ ለጎረቤታቸው ሲናገሩ ሰማሁ። "ሽማግሌ አባቷን ብረት ታሸክማለች። ቶሎ አቁማቸው ልትሄድ እኮ ነው።" ጎረቤታቸው ስታየኝ ዝም አሰኘቻቸው።

ሰው አንዴ አፉን ከከፈተ አይዘጋውም። ስለ ዝውውሩ ማን እንደነገራቸው እንኳ አላውቅም። መጋቢት 30 ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል። ይህን የጻፍሁት ጠቅላላ የእንቅስቃሴውን ዕቅድ ለማውጣት ነው።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ዳንኤል ደወለ። ቤት አይቷል፣ ፎቅ አይደለም፣ ደረጃ የለውም፣ "ለአባትሽም ይሆናል" ይላል። አባዬ ባሕር ዳር እንደማይኖሩ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ደብራቸውን ትተው ሆስፒታል መተኛታቸው ራሱ ሲያስለቅሳቸው ነበር።

"በእግራቸው ከቆሙ ታፈረ ጋ ይሄዳሉ፣ እኔም በማግሥቱ እመጣለሁ" አልሁት።

"ካልቆሙስ?"

"እስከ መጋቢት ሠላሳ ካልቆሙማ ምን አድርጊ ትለኛለህ? ታፈረ ቤት ቁልቁለት ላይ ነው፤ የሚያነሣቸው ሰው የለ። እንደ ጆንያ ልጣላቸው? ካልቆሙ ቀረሁ። ቀረሁ ማለት ቀረሁ ነው።" እዚህ ላይ አለቀስሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የማወራው፤ አባዬ ተኝተው ነበር። መቁጠሪያቸው በእጃቸው እንዳለ ነው የተኙት።

ሲነቁ "ነገ ክብደቱን ጨምሪልኝ" ብቻ አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ልባቸው ገባበት ማለት ነው።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ዘጠኝ ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሳይደገፉ። ማመን አቃተኝ።

ወንበሩ ጠዋት ካስቀመጥሁበት ተንቀሳቅሷል። እትዬ እሌኒ ሲጠርጉ ይሆናል።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ዙር! ብረቱን ይዘው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። እኔ ነኝ ያጨበጨብሁት። ለዳንኤል ደወልሁ፣ ኔትወርክ የለም። ለዑስማን ነገርሁት፤ "ማሻ አላህ፣ ብየዳዬ ነው" አለ።

ሃያ ስድስት ቀን ይቀራል። ይበቃል። ትርፍም አለው።

እራት ላይ አባዬ ጉርሻው በእጃቸው እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጾሙ ነው።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ወደ ኋላ ሄድን። ሰባት ላይ ቆሙ። እግራቸው ይንቀጠቀጣል። በሶውን አልጨረሱትም። ብረቱ እጃቸው በሚያርፍበት በኩል ቀለሙ ተፍቆ ነጭ ሆኗል፤ ዑስማን ምን ዓይነት ቀለም ነው የቀባው?

ተቆጣኋቸው። "ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ውለው ለዚህች ለአንዲት ሰዓት አቅም ያጣሉ?" አልሁ። አባቴን። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ልመልሰው ፈልጌ ነበር፣ ግን ልብስ ማጠብ ነበረብኝ፣ ውሃው ሊሄድ ነበር፣ ሄድሁ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

የግራ ጉልበታቸው አብጧል። ሲነኩት ይፋጃል። ከአልጋ አልተነሡም። ቀን ላይ እትዬ እሌኒ የሎሚ ውሃ ይዘው ሲገቡ አዩትና ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ምን ያርጉ፣ እንደዚያ እየሰገዱ" አሉ።

"ማን ነው የሚሰግደው?"

"የኔታ ናቸዋ። አንቺ ቢሮ ስትሄጂ ጀምረው ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ይነሣሉ ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ ይቀመጣሉ። መቁጠሪያቸውን ይዘው። በጾም ሰው ሲሰግድ ይረበሻል እንዴ? በሩን ዘግቼላቸው ነበር የምሄደው። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ጉልበት፣ ስንት ጸሎት አላቸው እያልሁ እንዳውም ለራሴ አፈርሁ።"

ወደ አባዬ ዞርሁ። ጣራውን ያያሉ።

"ስንት ጊዜ?" አልሁ።

"አርባ አንድ።"

"በቀን?"

"በዙር።"

"ስንት ዙር?"

"መቁጠሪያው እስኪሞቅ ድረስ።"

"ወረቀቱ አሥራ ሁለት ነው የሚለው! ሁለት ጊዜ አስምሮበታል!"

"አሥራ ሁለቱ የወረቀቱ ነው" አሉ። "አርባ አንዱ የኔ ነው። ዜማ በአንድ ቀን በአሥራ ሁለት ምልልስ አይጠናም፣ የትኔ። ሰውነትም እንዲሁ መስሎኝ።"

ከዚያ የተናገርሁትን ሁሉ አልጽፍም። ግትር ብያለሁ። የቀረውን እትዬ እሌኒም ሰምተዋል። በስንት መከራ ብረቱን እንዳስገባሁ፣ ግድግዳው እንደወረደ፣ ድካሜን፣ ወገቤን ሁሉ ቆጠርሁባቸው። አባቴ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ተኝተው ሰሙኝ። "ልክ ነሽ" አሉኝ ስጨርስ። ይኸው ነው ያሉት።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ባለሙያውን በስልክ አገኘሁት። ዳሌው ደህና ነው፣ ጉልበቱ ግን ከመጠን በላይ ደክሟል። ሦስት ሳምንት ፍጹም ዕረፍት፣ ከዚያ ከአንድ መጀመር።

ከመጋቢት 15 ሦስት ሳምንት ሚያዝያ 6 ነው። ቆጠርሁት። ደግሜ ቆጠርሁት።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ብረቱ ላይ ልብስ እያሰጣሁበት ነው። ዛሬ አንሶላ ነበር። ማርሾቹ ላይ የእትዬ እሌኒ ድመት ትተኛለች።

ታፈረ ደወለ። "አምጫቸው፣ እኔ እጦራቸዋለሁ፣ አንቺ ዝውውርሽን ሂጂ" አለኝ። ጥሩ ሰው ነው ታፈረ። ቀኑን ሙሉ እርሻ ውሎ ሊያነሣቸው፣ ሚስቱ ከሦስት ልጅ ጋር ልታገላብጣቸው። እሺ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እውነቱን ልጻፈው፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አባዬ "ማን ነው?" ሲሉኝ "ከቢሮ ነው" አልኋቸው።

ገላቸውን ሳጥባቸው ጭናቸውን አየሁት። ጥር ላይ እንደ ክንዴ ነበር። አሁን ሥጋ አለው። ይህን ሁሉ በበሶ ነው የሠሩት።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ቢሮ ዋልሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰዓቴን አየሁ። ምንም አልሆነም። ጥበቃው "ደህና እደሪ" አለኝ።

ዳንኤል ብዙ አላወራም። ለፋሲካ መንገድ ከተከፈተ እመጣለሁ አለ። ከተከፈተ።

አባዬ ዛሬ በሶውን ሳይጠጡ ቀሩ። ምን ሆኑ ስላቸው "ቀኑ ከበደኝ" አሉ።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ሰሙነ ሕማማት። ሦስቱ ሳምንት ትናንት አለቀ። ባለሙያው እንዳለው ከአንድ እንጀምር አልኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመንገዱ ማዶ ከቤተ ክርስቲያኑ የሰጋጆቹ ድምፅ ይሰማል። በሕይወታቸው በሕማማት ሳይሰግዱ ሲውሉ የመጀመሪያቸው ነው። ወንበራቸው ላይ ሆነው ግንባራቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ሲገባ አይቼ እንዳላየሁ ሆንሁ።

ብረቱ ላይ ያለውን ልብስ ሰበሰብሁ።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ። ስቅለት

ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነበርሁ፤ እትዬ እሌኒ በየመሃሉ ብቅ እያሉ አዩልኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደ ልማዱ ሰው ለጥብጠባ ተሰለፈ። ተራዬ ደርሶ ጎንበስ አልሁ። ቄሱ የወይራውን ቅጠል በእጃቸው ይዘው "ምን አጠፋሽ?" አሉኝ።

ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን፣ "አባቴን በራሴ ቀን ለካኋቸው" የሚል ነው። ቄሱ የገባቸው አይመስለኝም። በወይራው ጀርባዬን መታ መታ አድርገው "አርባ አንድ ስገጂ" አሉ። አባቴ ብቻቸውን ናቸው ስላቸው ቤቴ እንድሰግደው ፈቀዱልኝ።

ቤት ስደርስ አባዬ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ከብረቱ ጋጥ ውስጥ ሌላ ክፍት ቦታ ቤቱ የለውም። ነጠላዬን አሸርጬ በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ቆምሁና ጀመርሁ። አባዬ ስንት እንደተሰጠኝ ጠየቁኝ፣ ነገርኋቸው፣ መቁጠሪያቸውን አወጡ። እሳቸው ይቆጥራሉ፣ እኔ እወድቃለሁ እነሣለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰግጄ ስለነበር ጭኔ ይቃጠላል፤ ወገቤን እየረገምሁ ነው የምነሣው።

"አሥራ ሁለት" አሉ። "እረፊ።"

"አባዬ፣ አርባ አንድ ነው።"

"አርባ አንድ በአንድ ትንፋሽ ጉልበት ያሳብጣል። አይቼዋለሁ።"

ሳቄ መጣ። መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"ስንት ቀን አለፈው?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"መጋቢት ሠላሳን።"

ነግሬያቸው አላውቅም። አንድም ቀን አልነገርኋቸውም። ብረቱን ይዤ ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ያን ዕለት አልተኛሁም ነበር" አሉ። "የተሰበረው ዳሌዬ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም። ከኋላ የቆመ ተማሪ ዜማ ሲስት የምሰማ ሰውዬ፣ ልጄ አጠገቤ ስታለቅስ አልሰማም? ቆጠርሁት። በወረቀቱ አካሄድ ላንቺ ቀን አልደርስም። ሦስት እጥፍ ብሠራ ሦስት እጥፍ እፈጥናለሁ አልሁ። አጠፋሁብሽ፣ የትኔ። በመሃል ሁለት ቀን ብቻ አርፌ ቢሆን ኖሮ ጉልበቴ ይችል ነበር።"

ጭንቅላቴን የወንበሩ ጠርዝ ላይ አስደገፍሁ። አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ ለቄሱ ያልሁት አልበቃኝም።

"ብረቱን ለእርስዎ ብዬ አይደለም ያሠራሁት" አልኋቸው። "መጀመሪያ ለእርስዎ ነበር። ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ግን ለራሴ ነው። ልሄድ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ። እጃቸው ራሴ ላይ አረፈ። "እኔም ለራሴ አልሠራሁበትም።"

ውጭ ሊመሽ ነው፤ ከዛሬ ማታ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት የለም። ተነሣሁ። ሁለተኛውን አሥራ ሁለት ሰገድሁ፣ "እረፊ" አሉኝ፣ አረፍሁ። ሦስተኛውን ሰገድሁ።

"ሠላሳ ስድስት" አሉ። "ሦስት ዙርሽ አለቀ። ወረቀቱ ከዚህ በላይ አይሆንም ይላል።"

"አምስት ይቀረኛል።"

አባዬ መቁጠሪያውን አንገታቸው ላይ አጠለቁት። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቧንቧዎቹን ያዙ፤ ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ላይ። እንዳልይዛቸው ዐይናቸውን አጉረጠረጡብኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ብረቱ እየተንጣጣ፣ ተነሡ። ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔ ከፊታቸው ወደቅሁ። እሳቸው ተቀመጡ፣ እኔ ተነሣሁ። እኔ ስወድቅ እሳቸው ሲነሡ፣ እሳቸው ሲቀመጡ እኔ ስነሣ፣ አምስት ጊዜ። አምስተኛው ላይ ቶሎ አልተቀመጡም። እግራቸው ሥር ሆኜ ከታች ወደ ላይ አየኋቸው፤ ረጅም ሰው ናቸው፤ ረስቼው ነበር።

ለባለሙያው የምገለብጥለት፦ ሚያዝያ 10። አባዬ፣ አምስት። የትናየት፣ አርባ አንድ።